ሁለት እጅ

ኅዳር ነው፣ ሳሬማ፤ ባሕሩ ደፍርሷል፣
በጥዱ ጫፍ በጫፍ ውርጭ ተንጠልጥሏል።
ከማገዶው ቤት ውስጥ፣ ከጥቁሩ ወራጅ
አጋዘኑ ቁልቁል በቋንጃው ተሰቅሏል፤
ሆድቃው ወጥቶለታል፣ ገላው ገና ትኩስ፣
ከደረቱ ጓዳ እንፋሎት ይወጣል።

ኤልማር ወንበሩ ላይ፣ በበግ ቆዳ ካፖርት፣
ቢላዬን አየና «በይ እንግዲህ» አለኝ፤
ስድስት ዓመት ሞላው ይህንኑ ሲለኝ።
ፖስታ ላደርስለት በሩን የመታሁ ዕለት
ነው እንዲህ የያዘኝ፤
«ደብዳቤውን ተይው፣ ይህን እግር ያዥልኝ።»

«ጠጉሩን አትቁረጪ። ቆዳውን ነው እንጂ።
ስለቱን ወደ ላይ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ሂጂ፣
የሸሚዙን ቁልፍ እንደሚፈታ ሰው።
ከውጭ የጀመረ ጠጉር ነው የሚያርሰው፣
ለቀማ ነው ኋላ ሰኞን የሚጨርሰው።»

ደግሞም፦ «ሁለት እጅ ነው እግዜሩ የሰጠሽ፣
ግራሽ የጠጉሩ ነው፣ የሥጋው ነው ቀኝሽ፤
ጎረቤት ቢሆኑም አይጠያየቁ፣
ሥጋው እስኪከተት እንዳይተዋወቁ።»

ባለፈው ሚያዝያ፣ ስትሮክ የሚሉት
ከከንፈሩ አንስቶ ቀኝ ጎኑን ወሰደው፤
የሥጋው እጅ ሞቶ የጠጉሩ ቀረው።
ስለዚህ አይነካም። ሕጉን ያወጣ እርሱ፣
ዛሬም ከሁላችን ይልቅ የሚፈራው።

በሩን ዘጋሁት፤ ነፋስ ጠጉር ያመላልሳል።
የኅዳር ጠጉር እንደ ገለባ ውስጡ ባዶ ነው፣
ገና ሲያዩት ይሰበራል።
ቁርጭምጭሚቱን ዞርሁ፣ የውስጥ እግሩን ከፈትሁ፣
ያቺን የሽታ እጢ
አበዳሪውን እንዳየ ሰው በሩቁ አለፍኋት።
ከዚያ ቢላው ይብቃ። ቢላ ችኩል ነው።
ቡጢዬን በቆዳና በሥጋው መሃል ሰድጄ
ገፋሁ፣
ገፋሁ፣
ከመስታወት ላይ እርጥብ ወረቀት ሲላጥ
የሚሰማው ድምፅ ተሰማ።
ቆዳው ወደ ውጭ ተጠቀለለ፣ ጠጉር ከጠጉር ተያይቶ፣
ለሥጋው ጀርባውን ሰጥቶ።

በመጀመሪያው ዓመት፣ ጠጉር ቢበዛብኝ
አንድ ባልዲ ውሃ ደፍቼበት ነበር።
ኤልማር እስከ መንገዱ የሚሰማ ጩኸት ጮኸ፦
«ጥፋትሽን ውሃ አታጠጪው!»
እውነቱን ነው። ጠጉር ይዋኛል፤
ከአንዱ ጭን ወደ ሌላው ተሻግሮ ይጣበቃል።
ደረቅ ጨርቅ ነው፣ ትንሽ ኮምጣጤ፣ የጣት ጫፍ፣
አንድ በአንድ፣ ራት እስኪረሳ ድረስ።

ዛሬ ግን ደረቅ ነው፤ ጥቁር ቀይ፣
ስስ ሽፋኑ እንደ ወተት አንጓች ሰማያዊ የሚመታ።
ቆዳው አንገቱ ላይ ደርሶ በራሱ ክብደት ወረደ።
ወገቤን ይዤ ቀና አልሁ። ምስጋና አልጠበቅሁም፤
ምስጋና የዚህ ቤት ዕቃ አይደለም።

«አስጠጊኝ» አለ። ወንበሩን ገፋሁ።
«መብራቱን።» መብራቱን አነሣሁ።
ፊቱን ሥጋው አጠገብ አድርጎ፣ ሳይነካ፣
እንደ ቀረጥ ሠራተኛ ከላይ እስከ ታች አየ።
ከዚያ ግራ ጣቱ ተነሣች፣
«ጠጉር።»

ብርድ ብርድ አለኝ።
እውነትም ታፋው ላይ አንድ አለ፣ ረጅም።
በቢላው ጫፍ ብድግ አድርጌ አጠፍሁት፤
የአጋዘን ቢሆን ቀጭ ይል ነበር፣
ይህ ታጠፈ፣ ተመልሶ ተቃና።
ነጭ ነው። ዞሬ ራሱን አየሁ፤
ቆቡን ዛሬ አላደረገም፣ የማደርግለት እኔ ነኝ፣ ረስቻለሁ።

«ያንተ ነው» አልሁት።
በግማሽ አፉ ሳቀ፣ ግማሹ ቆሞ ጠበቀው።
«የማንም ይሁን። ጠጉር ጠጉር ነው፣ አንሺው።»
ተመልሶ ወድቆ ነበር፣ ሥጋው ላይ ተለጥፎ።

«በየትኛው እጅ?»

ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ነፋሱ በሩን ነካ ነካ አደረገ።
አጋዘኑ በገመዱ ላይ ሩብ ዙር ዞረና ቆመ።
«በቀኝሽ» አለ፤
«ኋላ ግን ታጠቢው።»